ተራራው አገገመ፤ እታለምስ?

ባለፈው መንፈቅ ዓመት በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ላይ፣ በየትውልድ አካባቢያችን ለአካባቢ ጥበቃ የሚደክሙ ሰዎችን መርጠን እንድንጽፍ ታዝዘን ነበር። እኔም ብዙ ሳልጨነቅ ያደግሁባትን ቀበሌ መረጥሁ። ከይጁቤ ከተማ ወጣ ብላ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ የምታስኬድ የገጠር ቀበሌ ናት። ይጁቤን ለማታውቁ፣ በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ትገኛለች። ወረዳው ከደጋው ጀምሮ እየወረደ እስከ ዓባይ በረሃ ይዘልቃል።

የጻፍሁት ስለ ተራራችን ነበር። በሕፃንነቴ መላጣ ሆኖ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ቀይ ጎርፍ እየለቀቀ ማሳ ሲበላ የማውቀው ተራራ ከከብት ንክኪ ተከልሎ፣ እርከን ተሠርቶለት፣ ዛሬ ክትክታና ወይራ እያበቀለ ነው ብዬ ተረክሁ። ስንት ሄክታር እንደተከለለ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ፣ ስንት ሺህ ችግኝ እንደተተከለ ከባለሙያ በስልክ ተቀብዬ ደረደርሁ። «ተራራው አገገመ» የሚል ርእስ ሰጠሁት። መምህራችን ከ20 17 ሰጡኝ።

ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላቃተኝ ለአክስቴ ደወልሁ። እኛ ቤት ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ቤቷ ከተራራው ሥር ነው። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁላት፤ እሷም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ትንሽ ዝም አለችና «ደግ ጽፈሻል አንች ልጅ፤ ግን የኔ በጎች የት ገቡ?» አለችኝ።

እነዚያን በጎች እኔ አውቃቸዋለሁ። ትምህርት ቤት በማይኖርበት ቀን የምጠብቃቸው እኔ ነበርሁ። አላውቅም ብዬ የማመካኝበት መንገድ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተፋሰስ ልማት ሥራ በሕዝብ ንቅናቄ መልክ በስፋት ሲጀመር፣ ገበሬው በየዓመቱ በበጋው ወራት ለሳምንታት ያለ ክፍያ እየወጣ እርከን መሥራት ያዘ። የኛ ተራራ ተራው የደረሰው በ2006 ዓ.ም. ነው። እኔ ያኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አክስቴ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሁለት ቃዳ መሬት አላት፤ በሬ ስለሌላት እሱንም በእኩል ታሳርሳለች። ጤፉ የሚያዘልቃት እስከ ግንቦት ቢሆን ነው። ጨው፣ ጋዝ፣ የልጆች ደብተር፣ ለእድር የሚዋጣው ሁሉ የሚወጣው ከበጎቹ ነበር። ዐሥራ አንድ ነበሩ። ተራራው ደግሞ የወል ግጦሽ ነው፤ ማንም ይሁን ማን ከብቱን ይለቅበታል። ተራራው ሲከለል በጎቹ የሚግጡበት ጠፋ። ሰባቱን ይጁቤ ገበያ አውጥታ ሸጠች። ያን ሰሞን ጎረቤቱም ሁሉ የሚሸጥ ስለነበረ ዋጋው ወርዶ ነበር።

በተከለለው ተራራ ላይ የሚበቅለው ሣር በጥቅምት ታጭዶ ይከፋፈላል። ድርሻው የሚሰላው ሰው በወጣበት የሥራ ቀን ልክ ነው። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? የሠራ ያገኛል። ነገር ግን የአክስቴ ትልቁ ልጅ ለቀን ሥራ መተማ ወርዶ ስለነበር ድንጋይ የተሸከመችው ራሷ ናት፤ እሷም የቻለችው ግማሹን ቀን ነው። ስለዚህ ድርሻዋም ግማሽ ሆነ። አራት ጎረምሳ ያለው ቤት ደግሞ ሙሉውን ወሰደ። ደንቡ የወጣው ከቤተ ክርስቲያን መልስ በተደረገ ስብሰባ ላይ ነው። እሷም ተገኝታ ነበር፤ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብላ። የጠየቃት ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ግን አክስቴን የልማት ተቃዋሚ አድርጌ እንዳላቀርባት እፈራለሁ። ተራራው መከለሉን አልተቃወመችም፤ ዛሬም አትቃወምም። «ቦረቦሩ ማሳዬን ሊጨርሰው ነበር፤ አሁን ቆሟል፤ አልዋሽም» ነው ያለችኝ። ያው ክለላ ማሳዋን አተረፈላት፣ በጎቿን ደግሞ አሳጣት። ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች አስቸጋሪው ይኸ ይመስለኛል። ጥሩው ሰው እዚህ፣ መጥፎው ሰው እዚያ ብሎ መክፈል አይቻልም። ከጠባቂዎቹ አንዱ ሽማግሌ የገዛ አማቻቸው በሬ ከክልሉ ውስጥ ተገኝቶ ያስቀጡ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ አማቻቸው ለፋሲካ እንኳን ቤታቸው አልመጣም። እንዲህ ያለ ዋጋ የከፈሉም ሰዎች አሉ። እነሱም ከጽሑፌ ውስጥ አልነበሩም። ቁጥሩ ብቻ ነበር የነበረው።

ቃሉ ምን ማለት ነው?

«የአካባቢ ፍትሕ» የሚለው አባባል በዓለም ላይ በስፋት መነገር የጀመረው አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በሰሜን ካሮላይና በዋረን ካውንቲ፣ ፒሲቢ በተባለ መርዛማ ኬሚካል የተበከለ አፈር የሚቀበርበት ቦታ ሲመረጥ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች በአብዛኛው ጥቁርና ድሃ ነበሩ። ሰዎቹ መንገድ ላይ ተኝተው የጭነት መኪኖቹን ለማስቆም ሞከሩ፤ ብዙዎቹም ታሰሩ። መቅበሪያው ከመሠራት አልቀረም፤ ጥያቄው ግን በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ቆሻሻው ለምን ሁልጊዜ እነሱ ጋ ይወድቃል?

በኛ አገር ገጠር ጥያቄው የሚመጣው በሌላ መልክ ነው። የሚመጣው መርዝ አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነገር ነው፤ እርከን፣ ችግኝ፣ ክለላ። ስለዚህም ይመስለኛል «ማን ከፈለበት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የሚመስለን። ሕገ መንግሥቱ ግን ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ጠይቆታል። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይልና፣ ወዲያው በሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ የሚመለከታቸው ሰዎች የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲታቀድም ሆነ ሲፈጸም ሐሳባቸውን እንዲሰጡ መብት ይሰጣል። ሲታቀድም! ከኋላ ተቀምጦ መስማት አንቀጽ 92 ላይ የለም።

ዛፉን ስንቆጥር

ቁጥር እውነት ሆኖ ሳለ እንዴት እንደሚደብቅ ያየሁት፣ ከአክስቴ ስልክ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ጨሞጋ የተጻፈ ጥናት ሳነብ ነው። ጨሞጋ ከጮቄ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ አጠገብ አልፎ ወደ ዓባይ የሚወርድ ወንዝ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ወልደአምላክ በውቀት የተባሉት ምሁር የዚህን ወንዝ የላይኛውን ተፋሰስ 36,400 ሄክታር በአየርና በሳተላይት ምስል እያነጻጸሩ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1998 ድረስ ምን እንደተለወጠ መርምረዋል። ውጤቱም የጠበቅሁት አልነበረም። ደን በዓመት ወደ 11 ሄክታር ያህል ጨምሯል። እንዴ! ደን እየጠፋ ነው ሲባል ነው ያደግነው።

ወረድ ብሎ ሲነበብ ግን የጨመረው በአብዛኛው ገበሬው በየማሳውና በየጓሮው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። በዚያው ዘመን በወንዝ ዳር የነበረው የተፈጥሮ ዛፍ 79 በመቶ ጠፍቷል። አሁን ከአንድ ጥናት ሁለት ዜና መሥራት ይቻላል። «የጨሞጋ ደን ጨመረ» ብትሉ እውነት ነው። «የጨሞጋ ዛፍ አለቀ» ብትሉም ከእውነት አልራቃችሁም። ባሕር ዛፍ የሚተክለው ደግሞ መሬት ያለው ሰው ነው፤ ሽጦም ቆርቆሮ ቤት ይሠራበታል። የወንዝ ዳሩ ጥላ ግን የማንም ነበር፤ ሲጠፋም ባለቤት ሆኖ የሚጮህለት አልነበረም። (ባሕር ዛፍን ለመውቀስ አይደለም። እኔ ራሴ እዚህ የተማርሁት አባቴ በሸጠው ባሕር ዛፍ ነው።)

እኚሁ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሌላ ጥናት በምሥራቅ ጎጃም በዲጂል ተፋሰስ የአፈር ጥበቃ ሥራ የሠሩ ገበሬዎችን ጠይቀዋል። ገበሬዎቹ በአብዛኛው እርከኑ አፈሩን እንደሚይዝ አምነዋል። ግን አብዛኞቹ ወደ ሥራው የወጡት ወደው አልነበረም። የሰው ጉልበት ማነስ፣ እርከኑ ለአስተራረሳቸው አለመመቸቱ፣ መሬቱ ነገ የኔ ይሆናል ወይ የሚል ስጋት፣ እነዚህን ነው የጠቀሱት። ሰው «ይጠቅማል» እያለ «አልፈልግም» ሊል ይችላል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ገበሬው እርከን ሲያፈርስ ስናይ «ግንዛቤ የለውም» ብለን እንጽፋለን። ይቺ «ግንዛቤ» የምትባል ቃል ከብዙ የመስክ ሥራ አድናናለች።

በመሬት ስጋቱ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተሠርቷል፤ የተጀመረውም ከኛው ጎረቤት ነው። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በሙከራ ከተጀመረባቸው ሁለት ቀበሌዎች አንዷ በጎዛምን ወረዳ የምትገኘው አዲስና ጉሊት ናት። በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ይሰፍራል። አክስቴ ደብተሯን በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድሞች መሬቱን ለመውሰድ ሞክረው ነበር፤ ፎቶዋ ነው ያዳናት። ነገር ግን ደብተሩ የሚያውቀው ሁለቱን ቃዳ ብቻ ነው። በጎቹ የሚግጡበት ተራራ የወል ነው፤ በአክስቴ ስም የተጻፈ ምንም የለም። የድሃ ኑሮ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያው ደብተር በሌለበት ላይ ነው።

ወደ መንዝ

የወል ሣርን ሕዝብ ራሱ ሲያስተዳድር ምን እንደሚመስል ለማየት ከጎጃም ወጥቼ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መንዝ ጓሳ መሄድ ግድ ሆነብኝ። ከመንዝ ጓሳ የበለጠ የተጻፈለት ምሳሌ በአገራችን ብዙም አላገኘሁም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ውርጫም አምባ ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳም ይሠራበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል።

ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው በሚባለው የቄሮ ሥርዓት፣ ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ሰዎች በየወገናቸው አለቃ መርጠው ሣሩን ይጠብቁ ነበር። ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ያህል ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ያጭዳል ሁሉም። ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ሲፈታ መልሶ ይዘጋል። የጣሰ ይቀጣል። በቢሮም በደብዳቤም ሳይሆን በመሐላና በይሉኝታ እንዲህ ያለ ሥርዓት ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ በራሱ ያስደንቃል።

እስከዚህ ድረስ ሳነብ «ይኸውላችሁ መፍትሔው፣ የአባቶቻችን ጥበብ!» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ነገር ግን ቄሮ የርስት ሥርዓት ነበር። ከአስቦ ወይም ከጌራ ዘር መቆጠር የማይችል ሰው አጠገቡ ቢኖርም ከሣሩ ድርሻ የለውም። ሣሩ የተጠበቀው አንድም ሰው ስለተከለከለ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ከርስቱ ጋርም ቄሮ ፈረሰ። ትላንት የተከለከሉትም በገበሬ ማኅበር አባልነት መብት አገኙ። ለእነሱ ፍትሕ ነበር። ለሣሩ ግን ክፉ ዘመን ሆነ፤ ሁሉም የሚያጭደው፣ ማንም የማይዘጋው ሆኖ ተጎዳ።

እኔን የሳበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የአካባቢው ሰዎች የቀድሞውን ሥርዓት እንዳለ አልመለሱትም፤ ሊመልሱትም አይችሉም ነበር። መዝጋትና መክፈቱን፣ ጥበቃና ቅጣቱን ከድሮው ወሰዱ፤ አባልነቱን ግን ከዘር አውጥተው በየቀበሌው ነዋሪ ላይ አደረጉት፤ ተወካዮችም መረጡ። በኋላም ቦታው በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ሆኖ ታውቋል። ዛሬ ሰው «ጓሳ» ሲል ቀይ ቀበሮውን ነው የሚያነሳው። ከቀበሮው ጀርባ ግን ማን ያጭዳል፣ ማን አያጭድም የሚል ረጅም የስብሰባ ታሪክ አለ።

የእኛን ተራራ ከዚህ ጋር ሳስተያየው የተዘጋበት ምክንያት ያው ነው፤ መቼ እንደሚከፈትና ለማን እንደሚከፈት ግን የተነገረ ነገር የለም። ጓሳ «ይዘጋል፣ ይከፈታል» ነው። የኛ «ተዘጋ» ነው።

መንዝን ካነሳሁ አይቀር፣ «እመጓ»ን ያነበባችሁ ሁሉ የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ሙያቸው የደን ሥነ ምህዳር ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንተው፣ ማርጋሬት ሎውማን ከተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በድንጋይ እንዲያጥሩ ረድተዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ነው። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ይህን የማነሳው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድንጋይ ተሸካሚው ለደኑ ሲደክም ለራሱ ማሳም እየደከመ ነበር። አክስቴ የተሸከመችው ድንጋይ ግን ከማሳዋ የተለቀመ አልነበረም።

ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔ ልጅ ነበርሁ፤ ትምህርት ቤታችንም ተክሏል። ያን ዜና ዓለም ሁሉ ተቀባበለው። ከዓመት በኋላ ስንቱ ጸደቀ የሚለው ግን ያን ያህል አልተራገበም። የኬንያዋ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 በጀመሩት የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ለገጠር ሴቶች ጥቂት ገንዘብ ይሰጥ የነበረው ለጸደቀው ችግኝ ነው፤ ተተክሎ ለደረቀው አይደለም። ሴትየዋ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኙ አንዳንድ ሰው «ዛፍና ሰላም ምን አገናኛቸው?» ብሎ ነበር። ግጦሽ ያጣላው ጎረቤት ያየ ሰው ይህን የሚጠይቅ አይመስለኝም።

እንግዲህ ሁለተኛውን ረቂቅ ስጀምር ባለሙያውን መልሼ ደወልሁላቸው። ሄክታሩን አልጠየቅሁም፤ ከመከለሉ በፊት ተራራው ላይ የማን የማን ከብት ይግጥ ነበር አልኋቸው። ተቆጥሮ አያውቅም አሉኝ፤ በቅንነት ነው የመለሱልኝ። ሣሩ ለስንት ቤት እንደሚከፋፈልና ከነዚህ ውስጥ ሴት የምትመራው ቤት ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ። ይህኛው መዝገብ ላይ አለ፤ እንልክልሻለን አሉ፤ ላኩልኝም። ደንቡ ሲወጣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ እንደሆነ ጠየቅሁ። ተይዟል፤ ከተናገሩት ሰዎች መካከል አንዲት ሴት የለችም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ መንገዱ እንደ ልብ ስለማይኬድ ይህን ሁሉ ያደረግሁት በስልክ ነው። ጠባቂውን ሽማግሌ በአክስቴ ስልክ ነው ያነጋገርኋቸው። የአማቻቸውን ነገር ሲነግሩኝ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ «ብትጽፊውም ግድ የለም፤ ያወቀው አውቆታል» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ይህንን ጽሑፍ ለእታለም አነበብሁላት። ረቂቁ ላይ በጎቹ ዘጠኝ ናቸው ብዬ ነበር። እዚያ ላይ አስቆመችኝ። «ዘጠኝ? ግልገሎቹንስ?» አለች። ሁለት ግልገሎች ነበሩ፤ አንዷ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፤ እኔው ራሴ ጠብቄያት ረስቻታለሁ። ዐሥራ አንድ ብዬ አረምሁት።